የሰባት ቁጥር እንግዳ

ዘሙሩድ ይማም በድንጋይ ቤቱ ትልቅ በር የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በአርባ ስድስት ዓመቷ። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መግቢያዋ በጓሮ በኩል ያለችው የቆርቆሮ በር ነበረች። ከሾላ በማለዳ ትነሳና በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ እያለከለከች ወጥታ፣ የጫማዋን ጭቃ አራግፋ፣ በዚያች በር ጎንበስ ብላ ትገባለች። ጎንበስ የምትለው በሯ አጭር ስለሆነች እንጂ ማንንም ፈርታ አይደለም። ረዘም ቀጠን ያለች፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ የምታወርድ ሴት ናት። ወሬ አታበዛም፤ ሳቅ ከመጣባት ግን አፏን በሽርጧ እስክትሸፍን ድረስ ነው።

ድንጋይ ቤቱ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጥድና ባሕር ዛፍ መሐል የተቀመጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ክፍል፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ሰፊ በረንዳ፣ በግራና በቀኝ ጽጌረዳ። የወይዘሮ ወርቅአየሁ ርስት ነበር፤ ባለቤታቸው ደጃዝማች ቀድመዋቸው ስለሞቱ እሳቸው ብቻቸውን ኖሩበት። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ወረሰውና ሴትዮዋን ስምንት ወር አስሮ ለቀቃቸው። ቤቱ ሆቴል ሆነ፤ ስሙም አዲስ ጎሕ ተባለ። ባለሥልጣን ሊያርፍበት፣ የቡልጋሪያ ኤክስፐርት ሊከርምበት፣ ሙሽራ ጫጉላውን ሊያሳልፍበት ይመጣል። ስሙን እንደፈለጉ ይቀይሩት፤ ሰፈሩ ግን ድንጋይ ቤት ከማለት አልተመለሰም።

ዘሙሩድ እዚያ ቤት የገባችው በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ በሃያ ዓመቷ ነው። ባሏ ሳልህ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጣርማ በር ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ገደል ገባ። የስምንት ወር ልጅ፣ ሰዓዳን፣ አዝላ ሥራ ፍለጋ ስትዞር አንዲት ጎረቤት ወደ እሜቴ ወርቅአየሁ ወሰደቻት። እሜቴም ከላይ እስከ ታች አይተዋት «ካውያ ትችያለሽ?» አሏት። «አዎ፣ እሜቴ» አለች። ምን አዎ! ካውያ በእጇ ነክታ አታውቅም።

ይህን ውሸት የሰማች አንዲት ሴት ከእሜቴ ኋላ ቆማ ነበር፤ አስካለች ትባላለች፣ የቤቱ ልብስ አጣቢና አልጋ አንጣፊ። ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። እሜቴ ዞር ሲሉ «ነይ» ብላ ዘሙሩድን ወደ ልብስ ክፍሉ ወሰደቻትና የከሰሉን ካውያ አስያዘቻት። በመጀመሪያው ቀን ዘሙሩድ የእሜቴን ጥልፍ ያለበት የትራስ ልብስ አሳረረችው። እሜቴ መጥተው ሲቆጡ አስካለች «እኔ ነኝ፣ እሜቴ፣ እጄ ዘገየ» አለች። ቁጣውን ሁሉ ቆማ ተቀበለች። በር ሲዘጋ ወደ ዘሙሩድ ዞረችና «ሁለተኛ ከሰሉን ሳታራግፊ እንዳታነሺው» አለቻት። ሰዓዳ ግን የአንሶላ ቅርጫት ውስጥ ተኝታ አደገች፤ ሲያሻት የሁለቱንም ጀርባ እየቀያየረች።

አልጋ ማንጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ከራስጌ፣ አንዷ ከግርጌ ይቆማሉ፤ አንሶላውን ወጥረው ወደ ላይ ያነሱታል፤ አስካለች «ልቀቂ» ስትል አየር ሞልቶት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ማዕዘን ማዕዘኑን ማጠፍ ነው። ብቻዋን የምታነጥፍ ሴት አራት ጊዜ አልጋውን ትዞራለች፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ማንም አይዞርም። ሁለቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያነጥፉ «ልቀቂ» የምትለዋ ቃል ራሷ እየቀረች መጥታ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያይተው ይለቁታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሆቴሉን ካስተዳደሩት ሰዎች አንዳቸውም ያላወቁት ነው። ትራስ አፍ አለው፤ ልብሱ የሚከፈትበት በኩል ማለቴ ነው። አስካለች ከእሜቴ ጊዜ ጀምሮ አንድ ሥርዓት ነበራት። እንግዳው ደግ ከሆነ፣ አመስጋኝ ከሆነ፣ የትራሱ አፍ ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ ይቆይልን ማለት ነው። ሠራተኛ የሚያመናጭቅ፣ ሲጋራውን ምንጣፍ ላይ የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ አፉ ወደ በሩ ይዞራል፤ ቶሎ ይውጣልን። እንግዳው ምን ያውቃል፣ ለጥ ብሎ ይተኛል። ሁለቱ ሴቶች ግን ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ «ሦስት ቁጥርስ?» «ወደ በር!» ይባባሉና ዘሙሩድ ሽርጧን ወደ አፏ ትወስዳለች።

ነገሩ የተበላሸው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ኮከብ ሠራተኛ ሲመረጥ ከአዲስ ጎሕ ዘሙሩድ ተመረጠች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አስካለችን ይጠብቅ ነበር። ግን አስካለች የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ከተገኘች ታንቀላፋለች፤ ካልተገኘች ደግሞ ስሟ ይጻፋል። ከዚያም በላይ፣ እሜቴ በታሰሩባቸው ስምንት ወራት በየሳምንቱ ልብሳቸውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በቅርጫት እስር ቤት በር ድረስ ትወስድ ነበር። «ለምን ወሰድሽ?» ሲሏት «ቆሽሾ ነበራ» ብላ መለሰች። ይኸው ፋይሏ ውስጥ «ከአድኃሪያን ጋር ንክኪ ያላት» የሚል ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ስሟን በስብሰባ ላይ በበጎ የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

መቶ የሚሆን ሰው በተሰበሰበበት ለዘሙሩድ ሠርተፊኬት ተሰጣት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ጓድ ማይክራፎኑን አስጠጋላትና «ይህን የመሰለ ሙያ ከማን ተማሩት?» አላት። ዘሙሩድ ላብ በላብ ሆነች። ሌሎቹ ተሸላሚዎች ሲሉ የሰማችውን አለች፦ «አብዮቱ ነው ያስተማረኝ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አስካለችም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች። ዘሙሩድ አየቻት፤ ደስ ያላት መሰላት።

የሽልማቱ ዋና ነገር አምስት ቀን ሙሉ በመንግሥት ሆቴል ማረፍ ነበር፤ መብል፣ መጠጥ፣ አልጋ። ዘሙሩድ ላንጋኖ መስሏት ለሐይቁ ብላ የላስቲክ ጫማ ሁሉ ገዝታ ነበር። ወረቀቱ በኅዳር ሲመጣ አስተዳዳሪው ጓድ ዓለሙ ቢሮው ጠርቶ አነበበላት። ሆቴሉ አዲስ ጎሕ ነው።

«ጓድ ዓለሙ፣ እዚሁ?»

«እዚሁ ይላል።»

«እዚሁማ በየቀኑ አለሁ!»

«እኔስ መቼ ጠፋኝ? በፕላን የወጣ ነው። ተሳስታችኋል ብዬ ብጽፍ ነገ ፕላኑን የተቸው ዓለሙ ነው ይባላል። ደግሞ ምን ጎደለሽ? ቁጭ ብለሽ መብላት ነው።»

«እሺ ሳምንቱን እንኳ ይለውጡልኝ። የእትዬ አስካለች የመጨረሻ ሳምንት ነው።»

እውነቷን ነበር። አስካለች ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቷት ጡረታ ልትወጣ ነው። የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጓዟን ይዛ ፍቼ ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ፍቼ ከገባች ደግሞ መቼ ትመለሳለች? ዘሙሩድ ያችን ሳምንት ከእሷ ጋር አልጋ እያነጠፈች ልታሳልፍ ነበር ሐሳቧ።

ጓድ ዓለሙ ወረቀቱን አገላበጠ። «ሳምንቱም በፕላን ነው» አላት።

ሰኞ ጠዋት ዘሙሩድ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ የላስቲክ ጫማዋን ተጫምታ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። ልማድ ሆኖባት ወደ ቆርቆሮው በር ስትታጠፍ ዘበኛው ቱሉ ጮኸባት። «ኧረ እመቤቴ ወዴት ነው! በዚህ በኩል!» ብሎ የትልቁን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። ዘሙሩድ በሳቅ ሞተች። ሳቋ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር የቆየው።

ደረጃው ላይ አስካለች ቁልፍ ይዛ ቆማለች። ነጭ ሽርጧን አጥብቃ አስራለች። «እንኳን ደህና መጡ» አለች።

«እትዬ አስካለች! ደግሞ አንቱታውን ምን አመጣው?»

«ክፍልዎ ሰባት ቁጥር ነው።» ሻንጣውን ከእጇ ወሰደችና ቀድማ ወጣች። ዘሙሩድ ቀልድ ነው ብላ ሽርጥ ፍለጋ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፤ ሽርጥ የለም። ከላይ ስትደርስ አስካለች ፎጣውን አስቀምጣ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ሰባት ቁጥር የእሜቴ መኝታ ቤት የነበረ ነው። ከታች ካለው የምግብ አዳራሽ ጋር ጭስ ማውጫው አንድ ስለሆነ፣ ምድጃው አጠገብ የቆመ ሰው የታቹን ወሬ ሁሉ ይሰማል። እሜቴ እዚያ ቆመው እንግዶቻቸው ስለ እሳቸው የሚሉትን ያዳምጡ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ዘሙሩድ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። አቧራ የለም፣ ሽብሽብ የለም። ከዚያ ዓይኗ ትራሱ ላይ አረፈ። አፉ ወደ በሩ ነው።

ተሳስታ ነው አለች በልቧ። አዞረችው። ማታ ስትተኛ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘች፤ አልጋው ወደ መስኮቱ በኩል ያዘነብላል። ሃያ ስድስት ዓመት ያነጠፈችው አልጋ! ጎኗን አስተካክላ ስትተኛ እየተንሸራተተች ጫፍ ትደርሳለች። ይህን ለአስካለች ነግራ አብረው እስኪስቁ ቸኩላ ነጋላት።

ማክሰኞ ግን አስካለች ለመሳቅ አልመጣችም። ዘሙሩድ ቁርስ ላይ ሳለች ክፍሉን አዘጋጅታ ወጥታለች። ትራሱ እንደገና ወደ በር። ሠላሳ ሁለት ዓመት አልጋ ያነጠፈች ሴት ሁለት ቀን አትሳሳትም። ዘሙሩድ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ረቡዕ ብልሃት ፈጠረች። ገና ሳይነጋጋ ተነስታ አልጋዋን ራሷ አነጠፈች፤ ማዕዘኑን አጠፈች፣ ትራሱን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ወለሉንም ጠራርጋ በረንዳ ወጣች። ሲያሳዝን! ተመልሳ ስትገባ አልጋው ተገፎ፣ ሌላ አንሶላ ተነጥፎበት፣ ትራሱ ወደ በር ዞሯል። ብቻዋን አራት ጊዜ ዞራ ነው ያነጠፈችው፤ ጉልበቷን እያመማት። ከሰዓት በኋላ ዘሙሩድ በረንዳው ላይ ሻይ አዝዛ «እትዬ አስካለች፣ ነይ ቁጭ በይ፣ አንድ ሰው መጋበዝ መብቴ ነው አሉኝ» አለቻት። አስካለች የተኮሱ የጠረጴዛ ጨርቆች ታቅፋ ነበር። «ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይቀመጥም» ብላ አልፋ ሄደች።

ዘሙሩድ ሻዩን ትታው ወደ ወጥ ቤት ወረደች። ወጥ ቤቱ የጉተማ ነው፤ የቤቱ ሥጋ ክርስቲያን ያረደው ስለሆነ ጉተማ ለእሷ ሲል ሦስት ቀን ሙሉ እንቁላል በየዓይነቱ ሲሠራ ሰንብቷል። «ደግሞ እንቁላል ሰለቸኝ ልትይ ነው?» አላት።

«ጉተማ፣ እትዬ አስካለች ምን ሆና ነው?»

ጉተማ ቢላውን አስቀመጠ። «እውነት አታውቂም?»

«ወላሂ አላውቅም።»

«መስከረም ላይ ከማን ተማርሽ ሲሉሽ ምን አልሽ?»

ዘሙሩድ ሁለት እጇን ሻሿ ላይ ጫነች።

«የዚያን ዕለት ከስብሰባው ወጥታ እዚህ መጣች» አለ ጉተማ፤ «ውኃ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም። ‹ሃያ ስድስት ዓመት› አለችና ብርጭቆውን አስቀምጣ ሄደች። እኔ ከዚያ በላይ አላውቅም።»

ያን ቀን ዘሙሩድ የእሜቴ መስኮት ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ቁልቁል ከተማውን ስታይ ዋለች። ያማረ ነገር ሁሉ ነበር፤ የጥዱ ሽታ፣ የየካ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከላይ ከራጉኤል የሚመጣው ደወል። ዕረፍት የሚሉት ይሄ ከሆነ ለጠላትም አይስጠው! አንዴ «ረስቼው ነው፣ ሁሉም የሚለውን ነው ያልኩት» ትላለች። አንዴ ደግሞ ያችን የአዳራሽ ቅጽበት መልሳ ታስባታለች። «ከማን ተማሩት» ሲላት በመጀመሪያ አፏ ላይ የመጣው የማን ስም ነበር? የአስካለች ነው። መጥቶ ነበር። ያችን የእስር ቤት ቅርጫት አስታወሰችና ዋጠችው። ይህን ለራሷ ስታምን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መርሳት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ያ ያረረ የትራስ ልብስ ትዝ አላት። አስካለች ለማታውቃት ሴት «እኔ ነኝ» ብላ ቆማለች። እሷ ደግሞ ለአስካለች አንዲት ስም መጥራት አቃታት።

ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። «እትዬ አስካለች፣ ይቅር በይኝ። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የዚያን ዕለት ፈርቼ ነው።»

አስካለች የያዘችውን የአንሶላ ክምር ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀና አድርጋ አየቻት። «መቶ ሰው ፊት ያሉትን ኮሪደር ላይ ሊመልሱት ነው?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ነበር። ዘሙሩድ ቁጣ ቢሆን በወደደች።

ዓርብ የተሸላሚዋ የስንብት ምሳ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት ያው የመስከረሙ ጓድ መጣ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አደረገ። ሠራተኛው ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ተደረደረ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ጉተማ የጾም ነው የሠራው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ዘሙሩድ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ ቆረሰች። ያ ጓድ እንኳ ሥጋ ይምጣልዎት ወይ ሲሉት «ለጤናዬ ስል ዓርብ ዓርብ እተወዋለሁ» ብሎ ከምስሩ ደጋገመ፤ ጉተማም ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቀ።

ከምሳ በኋላ ጓድ ዓለሙ የጻፈላትን የምስጋና ወረቀት አስያዛት። ዘሙሩድ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ እያለች ነው የምታነበው። ቆመች። «ይህን ዕረፍት ለሰጠኝ፣ ሙያዬንም ላስተማረኝ…» ድረስ አነበበች። እዚያ ላይ ቆመች። ዓይኗ በግድግዳው ዙሪያ አስካለችን ፈለገ። የለችም። ወይ አላህ፣ የለችም! ለማን ልትናገረው ነው? ወረቀቱን አጥፋ ሽሮው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እኔ መስከረም ላይ ዋሽቻለሁ» አለች። «እዚህ ቤት ስገባ ካውያ አላውቅም፣ አንሶላ አላውቅም። የእሜቴን ትራስ ሳሳርር እኔ ነኝ ብላ ቁጣውን የተቀበለችልኝ፣ ልጄን በቅርጫት ያሳደገችልኝ፣ ሥራውን ያስተማረችኝ አስካለች ናት። ኮከብ ካላችሁ ኮከቧ እሷ ናት።»

ጓድ ዓለሙ ጣሪያውን አየ። የዋናው መሥሪያ ቤት ጓድ ፈገግ ብሎ ሊያቃናላት ሞከረ። «ለማለት የፈለጉት፣ ዕድሉን አብዮቱ ሰጥቶዎት፣ ሌሎችም ሠራተኞች አገዙዎት፤ አይደለም?»

«አይደለም፣ ጓድ» አለች ዘሙሩድ። የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛለች። «አብዮቱ ሲመጣ አልጋው ተነጥፎ ነው የጠበቀው። ያነጠፍነው እኔና እሷ ነን።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ጓዱ ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፤ ስሟን ፊደል በፊደል ጠይቆ ጻፈ። ሰኞ ዕለት ፎቶዋ ከኮከብ ሠራተኞች ሰሌዳ ላይ ሊወርድ፣ ተስፋ የተሰጣት የክፍል ኃላፊነትም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቀችም፤ ማወቅም አልፈለገች። «ይቅርታ» ብላ ከገበታው ተነሳችና ደረጃውን ወጣች። መስማት ለሚገባት ሴት አለመናገሯ ነበር የሚያንገበግባት። አሁን ሄዳ፣ ታች እንዲህ ብዬ መጣሁ ብትላት ይኸው ያው የኮሪደር ወሬ ነው።

የሰባት ቁጥር በር ገርበብ ብሏል። አልጋው ተገፏል፤ አዲሱ አንሶላ እንደተጣጠፈ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። አስካለች ግን አልጋው ጋ አይደለችም። ምድጃው አጠገብ፣ እሜቴ ይቆሙበት የነበረው ቦታ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆማለች። ሽርጧን ፊቷ ላይ ይዛዋለች።

ዘሙሩድ በሩ ላይ ቀረች።

አስካለች ሽርጡን ከፊቷ አወረደችው። «አብደሻል?» አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል ወይ? ልጅ አለሽ እኮ! የልጅ ልጅ አለሽ! ስምሽን ጻፈ እኮ፤ ስትነግሪው ሰማሁሽ፣ ዘ፣ ሙ፣ ሩ፣ ድ እያልሽ! ለዛሬ አንድ ቀን፣ ነገ ለምሄድ ሰው!»

ዘሙሩድ አምስት ቀን ሙሉ የጠበቀችው ያንን «አንቺ» ነበር። ሄዳ የአንሶላውን አንድ ጫፍ አነሳች። አስካለች አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ አሁንም እያጉተመተመች፣ ከራስጌ ዞራ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ወጠሩት። አነሱት። ማንም «ልቀቂ» አላለም፤ አንሶላው ሞልቶ ወረደ። ማዕዘኑን አጠፉ። አስካለች ትራሱን አንስታ ትንሽ ይዛው ቆየችና አፉን ወደ መስኮቱ አዙራ አስቀመጠችው።

«አሁን ጫማሽን አውልቂ» አለች ዘሙሩድ።

«ምን?»

«ክፍሉ እስከ ነገ ጠዋት የኔ ነው። አንድ ሰው መጋበዝ መብቴ ነው። ተኚ።»

«ሂጂ ወዲያ!»

«እትዬ አስካለች፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አንጥፈሽዋል። አንድ ቀን ተኝተሽበታል?»

አስካለች አልጋውን አየችው። በሩን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ የተንጋደደ ጫማዋን አንድ በአንድ አወለቀች። ሽርጧ አንሶላውን እንዳያቆሽሽ ፈትታ ወንበር ላይ ሰቀለችው። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቀጥላ በጎኗ ጋደም አለች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ደረቷ ላይ ደራረበቻቸው። ትንሽ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ዘሙዬ።»

«አቤት።»

«ይሄ አልጋ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል እንዴ?»

«ሰኞ ነው ያወቅሁት! ልነግርሽ ስጠብቅ ነው አንቺ አንቱ ስትይኝ የሰነበትሽው!»

«ወይኔ! እሜቴ ያን ሁሉ ዓመት ጎናቸውን ሲያሻሹ… እኔ ደግሞ እርጅና ነው እላቸዋለሁ!» አስካለች መሳቅ ጀመረች። ያ የማይፈታው ፊቷ ተፈታ፤ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ዘሙሩድም አፏን የምትሸፍንበት ሽርጥ ስላልነበራት በዒድ ቀሚሷ እጅጌ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለሁለቱም ለቅሶ ሆነባቸው። ተቃቅፈው አላለቀሱም፤ አንዷ ተኝታ፣ አንዷ ቆማ ነው።

ከታች ከደረጃው የጓድ ዓለሙ ድምፅ መጣ። «አስካለች! የት ነሽ? የአዳራሹ ጠረጴዛ ይነሳ እንጂ!»

ዘሙሩድ ወደ በሩ ሄደች። አስካለች ግን አልተነሳችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጉንጯን ትራሱ ላይ አስተካክላ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችው።

«እንግዳ ተኝቷል በይው» አለች።